የእናቶች ማቆያ በአንድ የደቡብ ወሎ ጤና ጣቢያ፦ ቤቱ፣ አዋላጆቹ፣ አምቡላንሱ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከደሴ በስተምዕራብ ባለው ደጋ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሰጠውን የእናቶች ማቆያና የወሊድ አገልግሎት ነው። ታናሽ እህቴ ሦስተኛ ልጇን ለመገላገል በማቆያው ስትሰነብት አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና በማቆያው ከነበሩት እናቶች የሰማሁትን ነው። የጤና ጣቢያውን ስም የማልጠቅሰው ከማነሳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ የዚያ ቤት ብቻ ስላልሆኑ፣ በጥቂት አቅም ብዙ በሚሠሩ ባለሙያዎች ላይ ጣት መቀሰርም ተገቢ መስሎ ስላልታየኝ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ማቆያው ለገባችበት እናት ሕይወት የሚያተርፍ አገልግሎት ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው እናቶች እምብዛም አይደርሱበትም፣ ቢደርሱም እስከ መጨረሻው አይቆዩበትም፤ ለዚህም ምክንያቱ ድህነትና ርቀት እንጂ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የሴቶቹ ግድየለሽነት አይደለም።

ማቆያ ማለት የመውለጃ ጊዜዋ የተቃረበ፣ ቤቷም ከጤና ተቋም የራቀ ነፍሰ ጡር ምጥ ሳይጀምራት መጥታ በጤና ጣቢያው ግቢ የምትቆይበት ቤት ነው። አሠራሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት አዘጋጅቶ እናቶችን ሲቀበል ኖሯል፤ በገጠር ጤና ጣቢያዎች በስፋት የተሠራው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እኛ ያረፍንበት ማቆያ ከማዋለጃ ክፍሉ ጀርባ ያለ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አልጋዎቹ የብረት፣ ፍራሾቹም በላስቲክ የተለበጡ በመሆናቸው ለማጽዳት ይመቻሉ፤ ወለሉም በየጠዋቱ ይጠረጋል። ብርድ ልብሱ ግን ለአንድ አልጋ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ደጋ ውርጭ ከቤቷ ጋቢ ይዛ ያልመጣች ሴት ሌሊቱን እግሯን አጥፋ ስትንቀጠቀጥ ታድራለች። ውኃ ከሮቶ ይቀዳል፤ ሮቶው ሲደርቅ አስታማሚዎች ጀሪካን ተሸክመን ከታችኛው ምንጭ እንቀዳ ነበር፤ አስታማሚ ያልነበራት እናትም ከእኛ እየለመነች ትጠቀም ነበር።

የቤቱ ትልቁ ጉድለት ግን ብዙ ሰው ሊንቀው የሚችል ነገር ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከማቆያው ራቅ ብሎ በግቢው ቁልቁለት ላይ ይገኛል፤ መንገዱ ድንጋይ ያልተነጠፈበት ጭቃ ነው፤ መብራትም የለውም። ዘጠነኛ ወሯን የያዘች ሴት በሌሊት ደጋግማ መውጣቷ የታወቀ ነው። አብራን የነበረች አንዲት እናት በጨለማው እንዳትወድቅ ፈርታ ከአመሻሽ ጀምሮ ውኃ መጠጣት ታቆም ነበር፤ ጠዋት አዋላጇ ይህን ስትሰማ በጣም ደነገጠች፤ ምክንያቱም ለነፍሰ ጡር የሽንት መቋጠርም ሆነ የውኃ ጥም ጉዳት አለው። ጉዳዩን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ስናነሳ በቅንነት ሰምተውናል፤ ከዚያ ከወጣን በኋላም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት መተከሉን ነግረውኛል። አንድ አምፖል ለመትከል የእናቶች አቤቱታ ማስፈለጉ ያሳዝናል፤ መተከሉ ግን ሊመሰገን ይገባል።

ወጥ ቤቱን ሳላመሰግን አላልፍም። ጣራው ጥቀርሻ የለበሰ ትንሽ ጎጆ ነው፤ ማገዶው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲሆን ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ እህሉ ግን አለ። የአካባቢው ቀበሌዎች ከመኸር በኋላ ገብስና ስንዴ፣ አንዳንዴም ባቄላ አዋጥተው ለማቆያው ያስገባሉ፤ ሽሮና ዘይት ደግሞ ጤና ጣቢያው እንደ አቅሙ ይገዛል። የወለደች እናት ከማዋለጃ ክፍሉ ስትወጣ የገብስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ይቀርብላታል፤ ቡናም ይፈላል፤ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው አራሷን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሏታል። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የጤና ተቋም ለብዙ ዘመን ለገጠር ሴት የቀዝቃዛ ብረት አልጋና የማያውቁት ሰው ቁጣ ማለት ስለነበረ፣ ገንፎውና ቡናው መፈቀዱ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያው ከሚስቡት ነገሮች ዋነኛው ይመስለኛል። በአንዱ ምሽት ከጎረቤት ቀበሌ የመጡ አሮጊቶች በአራሷ አልጋ አጠገብ ዱአ ሲያደርጉ የሌሊት ተረኛዋ አዋላጅ በሩ ላይ ቆማ አሜን ስትል አይቻለሁ።

ስለ አዋላጆቹ ስናገር አብዛኛው ምስጋና ነው። በየጠዋቱ የእያንዳንዷን እናት የደም ግፊት ይለካሉ፤ ቀንድ የመሰለችውን መሣሪያ ሆዷ ላይ አስደግፈው የጽንሱን ልብ ምት ያዳምጣሉ፤ ውጤቱን በመዝገብ ከመጻፋቸው በፊት ለእናትየዋ ይነግሯታል። የእህቴ ግፊት አንድ ቀን ከፍ ብሎ ሲገኝ ወጣቷ አዋላጅ «አብሽሪ እናቴ፣ ትንሽ አርፈሽ ደግሜ እለካሻለሁ» ብላ እጇን ይዛ ስታረጋጋት፣ ከመድኃኒት በፊት ቃል እንደሚፈውስ ተረድቻለሁ። ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስን ለመከላከል የሚወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይደክማል፤ ይህ ጤና ጣቢያ መብራት ደጋግሞ ቢጠፋበትም መድኃኒቱን በፀሐይ ኃይል በሚሠራው የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ በጥንቃቄ ያኖረዋል። ብዙ እናቶችን የሚገድለው ደም መፍሰስ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥንቃቄ ቀላል ነገር አይደለም። የማልደብቀው ቅሬታ ግን አለኝ። ከተረኞቹ አንዱ ምጥ የያዛትንና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደውን ልጅ እግር «ስታረግዢ አልጮህሽ!» ብሎ ሲያመናጭቃት ሰምቻለሁ። ያቺ ልጅ ጫማዋ በገመድ የታሰረ፣ ክትትል ያላደረገች፣ ከቆላው የመጣች ነበረች። እህቴን ግን ያው ሰው እርሶ እያለ ያስተናግዳት ነበር፤ ባሏ የቀበሌ ሠራተኛ ነውና። አክብሮት በልብስና በዘመድ እየተመዘነ የሚሰጥ ከሆነ ድሃዋ ሴት በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ትመጣለች?

የማዋለጃ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ በሩ ግን መቀርቀሪያ ስለሌለው መጋረጃ ብቻ ይጋርደዋል። አንዲት አስታማሚ እንድትገባ ይፈቀዳል፤ እናትም እንደሚመቻት ተንበርክካ ወይም ተቀምጣ ማማጥ ትችላለች፤ ይህ በከተማ ሆስፒታሎች እንኳ በቀላሉ የማይገኝ ነጻነት ነው። እህቴ ምጧ ከጀመረ በኋላ አዋላጇ የምጥ መከታተያውን ቅጽ በየጊዜው ስትሞላ ቆይታ፣ የምጡን ሂደት የሚያሳየው መስመር ከማስጠንቀቂያው መስመር ሲያልፍ ምንም ሳታመነታ ወደ ሆስፒታል እንድንሄድ ወሰነች። ውሳኔው ትክክለኛና ወቅቱን የጠበቀ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የዚህ አገልግሎት ደካማው ጎን ነው።

የወረዳው አምቡላንስ በስልክ ሲጠራ ሌላ እናት ለማምጣት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ነዳጅ እንደሌለውና ቤተሰብ የሚሞላ ከሆነ እንደሚሄድ ተነገረን። አምቡላንስ ለወላድ በነጻ እንደሚሰጥ ሁላችንም ሰምተናል፤ ግድግዳው ላይም ተለጥፏል። እኛ በኪሳችን ገንዘብ ስለነበረን ወዲያው ከፈልንና ሄድን፤ የአሽከርካሪው ትሕትናም ሆነ ጥንቃቄ እንከን አልነበረውም። እንግዲህ ገንዘቡ የሌላት ሴት ምን ትሆናለች ብዬ ስጠይቅ፣ አዋላጇ ሳትደብቅ «ቅሬው ያዋጣል፤ እስኪያዋጣ ግን ይመሻል» አለችኝ። በደጋው ነፍሰ ጡሯን በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ላይ የሚያደርሷት አሁንም የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ሰዎች ናቸው፤ ለቀብር የተቋቋመው ማኅበር ሕያዋንን ማዳኑ የሚያኮራ ነው፤ የመንግሥት የነዳጅ በጀት ግን በቅሬ መዋጮ ሊተካ አይገባም። ስለ እናቶች ሞት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ፤ ለመሄድ መወሰን፣ ተቋም መድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት። ማቆያው ሁለተኛውን መዘግየት ለማጥፋት የተሠራ ነው፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ያለው መንገድ ካልተስተካከለ ግን መዘግየቱ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እዚያው ጤና ጣቢያ በር ላይ ይቆማል እንጂ አይጠፋም።

በተላክንበት ሆስፒታል እህቴ በቀዶ ሕክምና ተገላግላ እሷም ሕፃኑም ደህና ሆነዋል፤ ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሕክምናው ራሱ አልተከፈለበትም። ይሁን እንጂ ከውጭ ፋርማሲ እንድንገዛ የታዘዝነው መድኃኒትና ጓንት፣ ደም የሚለግስ ዘመድ ፍለጋ፣ የአስታማሚ ማደሪያና ምግብ፣ ወደ ቤት የመመለሻው የመኪና ኪራይ ተደምሮ የእህቴ ባል ሁለት በጎችን ሸጧል። እኔ ደሴ ስለምኖር ማደሪያው ቀሎልናል። ከደጋው የመጣ፣ በከተማው አንድም ዘመድ የሌለው ሰው በሆስፒታሉ አጥር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ሲያድር ያየሁት እንደ እኛው ሚስቱን አምጥቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ስመለከት ያሳሰበኝ በእኔና በእህቴ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከአንድ እናት ተወልደን በአንድ ቤት ያደግን ነን። እኔ ልጆቼን የወለድኩት ደሴ ሲሆን፣ ክትትሌን በእግሬ እየሄድኩ፣ አልትራሳውንዱን በግል ክሊኒክ እያሳየሁ፣ ምጥ ሲመጣም ባጃጅ ጠርቼ ነው። እሷ ደግሞ ለአንድ ክትትል ግማሽ ቀን መሄድና ግማሽ ቀን መመለስ አለባት፤ አልትራሳውንድ ለማየት ወደ ከተማ መውረድ ያስፈልጋታል። በመካከላችን ያለው ልዩነት የትዳር ቦታ ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህንኑ በአገር ደረጃ ያሳያል፦ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከወለዱት የከተማ እናቶች 79 በመቶው በጤና ተቋም ሲወልዱ፣ ከገጠሮቹ ግን 20 በመቶው ብቻ ነበሩ። በሀብት ሲታይ ልዩነቱ ይብሳል፤ ከሀብታሞቹ ቤተሰቦች ከ10 ወሊድ 7 ያህሉ በሠለጠነ ባለሙያ ሲታገዝ ከድሆቹ 1 ያህሉ ብቻ ነው። በቀዶ ሕክምና መውለድ በአገሪቱ በጠቅላላ 2 በመቶ ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ 21 በመቶ ነበር፤ ይህ ማለት አንዳንዷ ሳያስፈልጋት ስታገኘው ሌላዋ አስፈልጓት ታጣዋለች ማለት ነው። እድገት የለም ማለቴ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር የተገመተው፣ በ2008ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናትም በጤና ተቋም የሚወለደው ድርሻ 48 በመቶ ደርሷል። አማካዩ ግን የደጋዋንና የቆላዋን ሴት ይሰውራል።

በማቆያው ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት እናት ይህን በተግባር አሳይታኛለች። አምስት ልጆች አሏት፤ ከዚህ በፊት በቤት ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ስለነበር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አጥብቃ መክራ ነበር ያመጣቻት። ጥቂት ቀናት ቆይታ ምጡ ሳይመጣ ጓዟን ሸክፋ ተመለሰች። አዋላጆቹ ቢለምኗትም አልቆየችም፤ ልጆቿን የምትጠብቀው የአሥር ዓመት ሴት ልጇ ነበረች፤ አጨዳ ደርሷል፤ ባሏም ለቀን ሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል። ለእናትየዋ አልጋና ሽሮ ተዘጋጅቶላታል፤ ትንንሾቹን ይዛ እንዳትመጣ ግን ለልጆች የሚሆን ምግብ በማቆያው አይመደብም። በቤቷ በሰላም መገላገሏን በኋላ ሰምቻለሁ፤ ከፍተኛ አደጋ ያለባት እናት ግን ከጤና ጣቢያው ግቢ ወጥታ በቤቷ ወለደች ማለት ነው። ማቆያውን የሚጠቀሙት ልጅ የሚያይላቸው አማት፣ የሚያጭድላቸው ወንድም ያላቸው ሴቶች ናቸው። ለትንንሽ ልጆች ማደሪያና ምግብ ቢጨመር፣ ብቸኛ ሴቶችም በማቆያው መቆየት ይችሉ ነበር።

የጤና ኬላውንና የጤና መድኑን በአጭሩ ላንሳ። በቀበሌው ያሉት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን በስም ያውቋቸዋል፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያም እነሱው ይሰጣሉ፤ እህቴ ከሦስተኛው ልጇ በኋላ ማራራቅ ስትፈልግ ባሏ በሌለበት ለብቻዋ አነጋግረው ምርጫውን ለእሷ ትተውላታል፤ ይህን አጥብቄ አደንቃለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር፤ ስለዚህ ወሎ ለመድኑ እንግዳ አይደለም። የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩት መዋጮውን መንግሥት ይከፍላል፤ መድኑ ግን ሕክምናን እንጂ የቃሬዛውን፣ የመኪናውንና የማደሪያውን ወጪ አይሸፍንም፤ ሰውን ከሆስፒታል የሚያስቀረው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነቱ እጅ ከእጅ ሲለዋወጡ የጤና ተቋማት ዕቃ መዘረፉና መውደሙ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ደጋግሞ መዘጋቱ ይህን ሁሉ አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ ከተሜዋ ሌላ ክሊኒክ ትፈልጋለች፤ የደጋዋ ሴት ሌላ አማራጭ የላትም።

ስለዚህ ይህን ማቆያ ለማን እመክራለሁ? ቤቷ ከመኪና መንገድ ለራቀ፣ ከዚህ በፊት ያለ ችግር ለወለደችና በክትትሏ ሁሉ ጤናዋ ደህና ለተባለ እናት ያለ ጥርጥር እመክራለሁ፤ አዋላጆቹ ንቁዎች ናቸው፣ መድኃኒቱም በአግባቡ የተቀመጠ ነው። ስትሄዱ ጋቢ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጀሪካን፣ የጤና መድን ደብተርና ለድንገተኛ ነዳጅ የሚሆን ገንዘብ ያዙ፤ ገንዘቡ ከሌለ ቅሬው ከወዲሁ አዋጥቶ በአንድ ሰው እጅ እንዲያስቀምጥ ጠይቁ። አምቡላንሱ የሚጠራበትን ስልክ ከአዋላጇ ተቀብላችሁ የአሽከርካሪውንም ለብቻ ጻፉ። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ መንታ ያረገዘች ወይም ግፊቷ ከፍ ያለባት እናት ግን በዚህ ማቆያ መሰንበት የለባትም፤ በስምንተኛው ወር ገደማ አዋላጇን ጠይቃ የሪፈር ወረቀት ታጽፍ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ዘመድ ዘንድ ትረፍ፣ ደም ሊለግሱ የሚችሉ ሁለት ጤነኛ ሰዎችም አብረዋት ይሂዱ።